ከበሩ ኋላ የተቀመጠው ደንበኛ

አባቴ ከቤት የወጣው በእኔ ምክንያት ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ይህን የምናገረው «ልጅ ነበርሽ፣ ምን ታውቂያለሽ» እንድትሉኝ አይደለም፤ ብዙ ሰው ብሎኛል፣ አልጠቀመኝም። ልጅ ነበርኩ እንጂ ደደብ አልነበርኩም። ያየሁትን በትክክል አይቻለሁ፣ የሰማሁትንም ቃል በቃል ሰምቻለሁ። የተሳሳትኩት ከዚያ በኋላ ነው።

እናቴ አስተርጓሚ ነበረች። የቤታችን የፊተኛው ክፍል ቢሮዋ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የጽሕፈት መኪና፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ ክብ ማኅተም። ክፍሉን ከኮሪደሩ የሚለየው ረጅም የነሐስ እጀታ ያለው በር ነው። ከበሩ አጠገብ የእንጨት የጫማ ሳጥን አለ። የቤት ሥራዬን የምሠራው እሱ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ የምሠራ የምመስለው ማለቴ ነው። ሰዎች የልደት ምስክር ወረቀት፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የሐኪም ማስረጃ ይዘው ይገባሉ። እናቴ ትተይባለች፣ ማኅተሙን ትመታለች፣ የተተረጎመውን ይዘው ይወጣሉ። ትርጉም ማለት ለእኔ ይህ ነበር፤ ወረቀት ገብቶ ወረቀት ይወጣል።

እናቴ አታቆላምጥም። አንድም ቀን «የኔ ቆንጆ» ብላኝ አታውቅም። ሰው ሲያቆላምጥ ስትሰማ ደግሞ የሆነ ነገር የተሰረቀባት ይመስል ዓይኗ ይጠባል። ታናሽ እህቷ፣ አክስቴ፣ ፀጉር ሠሪ ናት። ሽቶዋ ከእሷ ቀድሞ ይገባል።

«የኔ እናት፣ የኔ ዓለም፣ እንዴት እንደናፈቅሽኝ ብታዪ።»

«ምን ፈልገሽ ነው?» ትላለች እናቴ ከጽሕፈት መኪናው ቀና ሳትል።

«ውይ፣ እህትን ለመናፈቅ ደግሞ ጉዳይ ያስፈልጋል?»

«ካውያው ቁም ሳጥኑ ላይ ነው።»

አክስቴ ትንሽ ታኮርፍና ካውያውን ይዛ ትሄዳለች። እናቴም ወደ እኔ ዞራ «ሰው ሲያቆላምጥሽ እጁን እይ» ትለኛለች። «አንድ ነገር ሊወስድ ካልተዘረጋ፣ ሊወስድ እየተዘጋጀ ነው።»

ይህን ትምህርት በደንብ ተማርኩት። በሒሳብ ሰነፍ ነበርኩ፤ በዚህ ግን አንደኛ ወጣሁ።

አባቴ ሊፍት ጠጋኝ ነበር። ጣቶቹ ቢታጠቡም ግሪስ ይሸታሉ። እሱ ያደገበት ቤት እንደ እናቴ ቤት አልነበረም። እዚያ ቃል አይሰስቱም፤ ውሃ ሲጠጡ እንኳ እየተጠራሩ ነው። እኔን ሲወደኝ እንደ ወንድ ልጅ «አንተ ሌባ» ይለኛል፣ ፀጉሬን ሲያበላሽብኝ «ይሄ ጉድ ማን ወለደው?» ይላል። እናቴን ሲያገባት ግን ቀስ በቀስ አፉን ሰበሰበ። «ዓይኔ» ሲላት «ምን ፈልገህ ነው?» ከተባለ፣ ሰው ስንት ጊዜ ይሞክራል? እሷ እሱን «አንተ ሰውዬ» ነው የምትለው። ጥሩ ቀን ሲሆን።

ሌላው የአባቴ ነገር በር ነው። በር ሲጮህበት ጥርሱ የሚታመም ይመስለዋል። እጀታውን ወደ ታች ተጭኖ፣ በሩን ስቦ አስጠግቶ፣ ከዚያ እጀታውን ቀስ አድርጎ ይለቀዋል። ምንም አይሰማም። አባቴ መውጣቱን የምናውቀው ጫማው ከቦታው ሲጠፋ ነበር።

በዚያ ዓመት የሚሠራበት ድርጅት ሩቅ ከተማ ላይ የትልቅ ሆስፒታል ሊፍቶች ሊተክል ውል ያዘ። ማዕድ ላይ ነገሩን ሲያነሳው አስታውሳለሁ።

«ሁለት ዓመት ነው የሚሉት» አለ።

«ሁለት ዓመት» አለች እናቴ።

«እምቢ ማለት እችላለሁ። ሌላ ሰው አለ።»

«እንደፈለግክ።»

«እኔማ የምፈልገውን አውቃለሁ» አለና ዳቦውን ሁለት ቦታ ቆርሶ አንዱንም አልበላውም። ከዚያ ቀን በስምንተኛው ሳምንት ሐሙስ የድርጅቱ መኪና ይመጣል፤ ሄደም ቀረም እስከዚያ መልስ መስጠት አለበት። እኔ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። አባቴን የሚያስቀር ወይም የሚያስሄድ ነገር አለ፣ ያንን ነገር ማግኘት አለብኝ።

ያገኘሁ የመሰለኝ በሁለተኛው ሐሙስ ነው።

ቀለም ቀቢውን ከዚያ በፊት አውቀዋለሁ፤ በቀደመው ዓመት ወጥ ቤታችንን የቀባው እሱ ነው። ረጅም፣ ትከሻው የጎበጠ፣ ጥፍሮቹ ሥር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቀለም የማይጠፋ ሰው። አሥር ሰዓት ላይ መጣ። ፖስታ ይዞ ነበር።

«ይግቡ፣ ይቀመጡ» አለችው እናቴ፣ እንደማንኛውም ደንበኛ።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። በስንጥቁ የእናቴ ፊት ይታየኛል፣ የእሱ ጀርባ ይታየኛል። ፖስታውን ከፈተች። ዝም ብላ አነበበች፣ ረጅም ጊዜ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ እጆቿን አጣምራ ጭኗ ላይ አደረገች፣ ቀጥ ብላ ፊቱን አየችውና በማላውቀው ድምፅ እንዲህ አለችው፤

«ሆዴ፣ የቀባህልኝ ግድግዳ ሽታው ጠፋ። ግንባሬን አስደግፌ አሸታለሁ፣ ምንም የለም። መቼ ነው የምትመጣው? አንተ ከሌለህ ይህ ቤት ለእኔ ቤት አይደለም።»

እርሳሴ ወደቀ። ከ«ይግቡ» ወደ «አንተ»፣ ከ«አንተ» ወደ «ሆዴ»፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ። ቀለም ቀቢው አንገቱን ደፋ። ትከሻው ብቻ ተንቀጠቀጠ። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፣ በእጁም ምንም አልነበረም። ሌላው ደንበኛ ወረቀት ይዞ ገብቶ ሌላ ወረቀት ጨምሮ ይወጣል። ይሄ ፖስታ ይዞ ገባ፣ ባዶ እጁን ወጣ። ማኅተም የለም፣ የጽሕፈት መኪና ድምፅ የለም። እንግዲህ ደብዳቤው ለእናቴ ነው። ጽፎ ያመጣል፣ ታነባለች፣ ፊት ለፊት ትመልስለታለች። ምን የሚያሻማ ነገር አለው?

ወጥ ቤት ሄጄ ግድግዳውን አሸተትኩ። እውነትም ሽታው ጠፍቷል። ሽንኩርት ሽንኩርት ነው የሚለው።

አሁን የማውቀውን ልናገር። ቀለም ቀቢው ማንበብ አይችልም ነበር። ባሕር ተሻግሮ ሲሠራ ያገኛት ሴት አለችው፤ እሷ የእኛን ቋንቋ አታውቅም፣ እሱ የእሷን ያውቃል ቢባል መቶ ቃል ነው። ስልክ ላይ «ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ» ብለው ይጨርሱታል። ስለዚህ ትጽፋለች። እናቴ ደግሞ ለምስክር ወረቀት ያልሆነ፣ ለሰው የተጻፈ ደብዳቤ ስታገኝ የራሷ አሠራር ነበራት። መጀመሪያ ለብቻዋ ታነበዋለች፣ ከዚያ ታጥፈዋለች፣ ከዚያ የሰውየውን ዓይን እያየች ትናገረዋለች። ወረቀት እያዩ የሚነበብ ናፍቆት የፍርድ ቤት መጥሪያ ይመስላል ትላለች። ሲያልቅ መልሱን ዝቅ ባለ ድምፅ በቃሉ ይነግራታል፤ ማታ ጽፋ ታደርስለታለች። ደብዳቤውም እሷ ዘንድ የሚቀረው ለዚህ ነው።

ይህን አሠራር ማንም አልነገረኝም። ማን ለልጅ እንዲህ ያለ ነገር ይናገራል?

ማስረጃ ፍለጋ መሳቢያዋን ከፈትኩ። ሰማያዊ ደብተር አገኘሁ። ውስጡ በእናቴ ቁልቁል የተደረደረ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፤ ጉበቴ። ጎመኔ። ቁንጫዬ። ትንሿ ዝሆኔ። አንተ ቅበረኝ። «ጉበቴ» ከሚለው ጎን «ሐሙስ» ተብሎ ተጽፏል። መጀመሪያ የገበያ ዝርዝር መሰለኝ። ዝሆኑ ላይ ስደርስ አለመሆኑ ገባኝ። የሰዎች የሚስጥር ስም ነው ብዬ ወሰንኩ። ጉበት የሐሙሱ ሰው ነው። ጎመንና ቁንጫ እነማን እንደሆኑ ለማወቅ ሳምንቱን ሙሉ የሚገባውን የሚወጣውን ደንበኛ በጎመንነትና በቁንጫነት ስመረምር ከረምኩ። የውል ጉዳይ ሊያስተረጉሙ የመጡ አንድ ጠበቃ ትልቅ ጆሮ ነበራቸው፤ ዝሆኑን በእሳቸው ዘጋሁት።

ደብተሩ ዛሬ እኔ ዘንድ ነው። በየቋንቋው ሰዎች የሚወዱትን ሰው የሚጠሩበትን ቃል ታጠራቅም ነበር። ጉበቴ ለሚለው ብዙ ሞክራ አንድ ቃል አስምራበታለች፤ ሆዴ። «ጉበቴ ብዬ ብነግረው ከሥጋ ቤት የተላከበት ይመስለዋል» አለችኝ በኋላ። በደብተሩ አርባ ሁለት ቃል አለ። አንዱንም ለራሷ አልተጠቀመችበትም ብዬ ነበር የማምነው።

ለአባቴ የነገርኩት መፍቻዎቹን በጨርቅ ሲወለውል ነው።

«አባዬ፣ እማዬ ቀለም ቀቢውን ሆዴ ትለዋለች።»

መወልወሉን አላቆመም። «ማንን?»

«ቀለም ቀቢውን። ሐሙስ ሐሙስ ይመጣል። እንደናፈቃት ነገረችው።»

«ሆዴ አለች?» ጨርቁ ቆመ። «በራሷ አፍ?»

«በራሷ አፍ።»

«ሌላስ ምን አለች?»

ሌላውን ሁሉ ነገርኩት፣ ግድግዳውንም ሽታውንም። ፖሊስ ቃል የሚቀበል ይመስል እያንዳንዱን እያስደገመ ጠየቀኝ። «እንዴት ባለ ድምፅ?» አለኝ። ድምፁን ላስመስል ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። አባቴ ፈገግ አለ። አባቶች እንዲህ ባለ ጊዜ ፈገግ እንደማይሉ አውቅ ስለነበር እሱንም መጠርጠር ጀመርኩ።

በቀጣዩ ሐሙስ ከሥራ ቀድሞ መጣ። ጫማውን በእጁ ይዞ፣ በካልሲው እየተራመደ፣ የጫማ ሳጥኑ ላይ ከጎኔ ተቀመጠ። ሳጥኑ ሲጢጥ አለ። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገልኝ። ከውስጥ የእናቴ ድምፅ መጣ።

«ነፍሴ፣ ሌሊት ዝናብ ጣለ። ትራስህን ከመስኮቱ በኩል አነሳሁት፣ እንዳይርስብህ። ከዚያ አለመኖርህ ትዝ አለኝና በራሴ ሳቅኩ።»

አሁን በሩን ይበረግዳል ብዬ ጠበቅኩ። አባቴ ግን ጭንቅላቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ዓይኑን ጨፈነ። እስከ መጨረሻው ሰማ። ቀለም ቀቢው ሊነሳ ወንበሩ ሲንቀሳቀስ፣ ተነስቶ ወጥ ቤት ገባና ውሃ ቀድቶ ጠጣ።

በአራተኛው ሐሙስም መጣ። በአምስተኛውም፣ በስድስተኛውም። ፂሙን ተላጭቶ ነበር የሚመጣው። በሩም በየሳምንቱ ሰፋ እያለ ሄደ፤ መጀመሪያ ጣት የሚያስገባ ነበር፣ ኋላ መዳፍ፣ በስድስተኛው ሐሙስ ድመት ያሳልፋል። ይሉኝታ የሚባል ነገር ጨርሶ ጠፋ አልኩ በልቤ። እናቴ ታወራለች፣ ቀለም ቀቢው ያለቅሳል፣ አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል፣ ሰባኪ ፊት የተቀመጠ ይመስል። በዚህ ቤት የሚያስብ ሰው እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው?

ባለፈው ዓመት ያንን ጠረጴዛ ልንሸጠው ስናወጣው፣ እናቴ የበሩን እጀታ ይዛ ቆመችና «በሩን ክፍት የሚተወው ማን ይመስልሽ ነበር?» አለችኝ።

«ታውቂ ነበር?»

«ግሪስ በግድግዳ ያልፋል። ሳጥኑስ ሲጢጥ ሲል አይሰማኝም?» ቆይታ ደግሞ «ትራሱን ደብዳቤው ውስጥ አላገኘሁትም ነበር» አለች። ጠረጴዛውን በአንድ በኩል አነሳችውና «ያዥ እንጂ፣ ምን ትገተሪያለሽ» አለችኝ።

ያደገችበትን ቤት ያን ቀን ትንሽ ነገረችኝ። አባቷ አፈ ጣፋጭ ነበሩ። ሚስታቸውን «የኔ እመቤት» ብለው በጠሩ ቁጥር ከቤቱ አንድ ዕቃ ይወጣል፤ አንድ ቀን ምንጣፉ፣ አንድ ቀን የስፌት መኪናው። ስለዚህ እናቴ የራሷን ቃል በራሷ ስም መናገር አትችልም ነበር። በሰው ደብዳቤ ግን ትችላለች። አባቴም ይህን አውቆ ነው የሚመጣው። ሁለቱ በዚያ በር ግራና ቀኝ ሆነው፣ ምስኪን ቀለም ቀቢ መሃል አስቀምጠው፣ ሲነጋገሩ ነበር የከረሙት።

እኔ ግን ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ቀኑም እየደረሰ ነበር። በሰባተኛው ሳምንት እናቴ የአባቴን ሻንጣ አዘጋጀች። ሸሚዞቹን አንድ በአንድ ተኩሳ፣ ካልሲዎቹን ጥንድ ጥንድ አድርጋ፣ ሳሙናውን በሁለት ወረቀት ጠቅልላ። ማንም አዘጋጂ አላላትም። አባቴ ኮሪደሩ ላይ ሻንጣውን አየና «ተዘጋጅቶልኛል ማለት ነው» አለ። እናቴ «ብትሄድ እንዳትቸገር» አለች። እሷ ያንን ሻንጣ ለማዘጋጀት ሁለት ቀን ፈጅታለች፤ ከእሷ ቤት የወጣ ሰው ቢሆን ምን ማለት እንደሆነ ይገባው ነበር። አባቴ ግን የቃል ቤት ልጅ ነው። እሱ ያየው የሚያስወጣውን ሻንጣ ነው።

እኔም ያየሁት ያንኑ ሻንጣ ነው። ቀለም ቀቢው ካልመጣ አባቴ አይሄድም ብዬ ደመደምኩ።

ስለዚህ በስምንተኛው ሐሙስ ከአሥር ሰዓት በፊት ወርጄ የምድር ቤቱ ደረጃ ላይ ቆምኩ። ቀለም ቀቢው መጣ። ያን ቀን ጥፍሩ ሥር ያለው ቀለም አረንጓዴ ነበር። ፖስታውን በሁለት እጁ ይዞታል።

«ሚጢጢ፣ እትዬ አሉ?»

«ከእንግዲህ እንዳይመጡ ብላለች።»

የቀልድ መሰለው። ከዚያ ፊቴን አየው። «ምን አጠፋሁ?»

«አባቴ አውቋል።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም።»

ሰውየው ቀስ ብሎ ቀላ፣ ከአንገቱ ጀምሮ። ሁለት ደረጃ ወጣ፣ ቆመ፣ ተመለሰ። ወደ ላይ አየ። «ስለ ሰማሁት ሁሉ አመስግኚልኝ» አለኝና ፖስታውን ኪሱ ከቶ ሄደ። ስለ እሱ አትጨነቁ። ሌላ አንባቢ አገኘ፣ ሴትየዋ መጣች፣ ዛሬ የቀለም ሱቅ አላቸው።

ወደ ላይ ስወጣ አባቴ የጫማ ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሻንጣው እግሩ ሥር ነው። በሩ እንደ ስድስተኛው ሳምንት ተከፍቷል። ውስጥ እናቴ ወንበሯ ላይ ናት፣ እጇን አጣምራ። አሥር ሰዓት አለፈ። አሥር ተኩል ሆነ። ከታች የድርጅቱ መኪና ጥሩንባ ነፋ።

አባቴ ተነሳ። በሩን ገፋ አድርጎ ገባና የደንበኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ቀለም ቀቢው ዛሬ ቀረ» አለች እናቴ።

«ቀረ» አለ አባቴ። ከደረት ኪሱ አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አደረገ። «አንብቢልኝ።»

ዘረጋችው። ገለበጠችው። «ምንም አልተጻፈበትም።»

«አውቃለሁ። ወረቀት ሳታዪ ነው አሉ የምታነቢው።»

እናቴ ወረቀቱን አየችው። አፏን ከፈተች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ከስንጥቁ አየሁ። ከዚያ ዓይኗ ጠበበ፣ ለአክስቴ እንደሚጠበው።

«ያልተጻፈ አላነብም» አለች።

«እንግዲያው ልሂድ?»

«እንደፈለግክ።»

አባቴ ትንሽ ተቀመጠ። ከዚያ ወጣና በሩን እንደነበረው ገርበብ አደረገው። ሳጥኑ ላይ ተቀመጠ። ሳጥኑ ሲጢጥ አለ። ጫማውን አደረገ፣ ክሮቹን አሰረ፣ ፀጉሬን አበላሸብኝ፣ «አንተ ሌባ» አለኝ። ሻንጣውን አንስቶ በኮሪደሩ ወደ ውጭው በር ሄደ። ሲነሳ ድምፅ አላሰማም፤ ድምፅ አያውቅም።

ያኔ እናቴ ከውስጥ መናገር ጀመረች። ባዶውን ወረቀት አጥፋ አስቀምጣዋለች። የደንበኛውን ባዶ ወንበር ሳይሆን የበሩን ክፍተት እያየች ነበር፣ እሱ ገና ሳጥኑ ላይ ያለ መስሏት።

«ሆዴ» አለች። «ሻንጣህ ውስጥ ሁለት መርፌ አድርጌልሃለሁ፤ አንዱን ትጥለዋለህ። አትሂድ።»

ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ አባቴ በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን አውጥቷል። ከሁለቱ መሃል እኔ ነበርኩ። አንድ ጊዜ «አባዬ» ብል ይበቃ ነበር። እኔ ግን የእናቴን እጅ አየሁ። ባዶ ነበር፣ ጭኗ ላይ። ሆኖም አንድ ነገር ፈልጋለች፤ የፈለገችውንም በአፏ ተናግራለች። ስለዚህ ማቆላመጧ እውነት አይደለም ማለት ነው። በመጨረሻ ያዝኳት አልኩ።

ሁለቱ ዓመት አሥራ አንድ ሆነ። አሁንም እዚያው ከተማ ነው። ባለፈው ወር ይህን ሁሉ በስልክ ስነግረው እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ «ምን ብላ ጠራችኝ?» አለ። ነገርኩት። «በራሷ አፍ?» አለኝ።

ያን ቀን ግን አልሰማም። ሻንጣውን ወደ ግራ እጁ አዛወረና ወጣ። እጀታውን ወደ ታች ተጭኖ፣ በሩን ስቦ አስጠግቶ፣ እጀታውን ቀስ አድርጎ ለቀቀው።